«ጥርሱን ፈልገን አጣነው»፦ በወተት ጥርስ ላይ የደረሰ የአንድ ጉዳት ታሪክ

ልጅቷ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነበር። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ታላቅ ወንድሟን ተከትላ ስትሮጥ ተደናቅፋ በአፍ ጢሟ ተደፋች። የደረጃው ጠርዝ የላይኛው ከንፈሯን አገኘው። ደም በደም ሆነች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አፏ ታጥቦ ሲታይ ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች የቀኙ የለም። አያቷ ደሙ እንዲቆም ብለው ድዷ ላይ የቡና ዱቄት ነሰነሱበት። ጎረቤቶቹ በሞባይል መብራት ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ፈተሹት። ጥርሱ የለም።

ሚጡ ልበላት። ስሟም አይደለም፣ ቤተሰቧን የሚያሳውቅ ነገርም እዚህ የለም። ጉዳቷ ብርቅ ሆኖ አይደለም የምጽፈው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ጥርሳቸውን ይመታሉ። ብርቁ ነገር ቤተሰቡ ለአምስት ዓመት መመላለሱ ነው። አብዛኛው ወላጅ ሕመሙ ሲቆም ይቀራል። ስለዚህ የጉዳቱን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን የምናየው ከስንት አንዴ ነው።

ያን ማታ በቅርብ ወዳገኙት ክሊኒክ ወሰዷት። «ወድቋል፤ የወተት ስለሆነ ሌላ ይበቅላል» ተባሉ። ራጅ አልተነሳችም። የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ተሰጣቸው። የግራው ጥርስ ስለሚነቃነቅ ነገ ይነቀል ተባለ። ነገሩ ለእናትየው አልዋጥ አላት። በማግስቱ ጠዋት እኔ ዘንድ መጡ።

«ዶክተር፣ ጥርሱን እኮ ፈልገን አጣነው» አለችኝ ገና ከመቀመጧ።

ወደ ጥርሱ ከመሄዴ በፊት የጠየቅኩት ስለ ጭንቅላቷ ነው። ስትወድቅ ራሷን ስታ ነበር? አስታወካት? ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት? የለም። የዓይኗ ብሌኖች ለብርሃን እኩል ይጠባሉ። መንጋጋዋ ሲዳሰስ አያማትም፤ ስትዘጋውም በትክክል ይገጥማል። የክትባት ካርዷን አየሁ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታቫለንት ተሟልቷል፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው እዚያው ውስጥ ስላለ በዚያ በኩል ስጋት አልነበረኝም።

ሌላም በሆዴ የያዝኩት ጥያቄ ነበር። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያዘው ቀጭን ሥጋ ተቀዷል። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ላይ ይህ ሲታይ፣ የሰው እጅ አለበት ወይ ብሎ ማሰብ የባለሙያ ግዴታ ነው። ሚጡ ግን ሯጭ ናት። እናትና አያት ለየብቻ የነገሩኝ ታሪክ አንድ ነው፤ ቁስሉም ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ገላዋ ላይ ሌላ ሰንበር የለም። ጥያቄውን ዘጋሁት።

የ2 ዓመት ልጅን የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አስተኝቶ መመርመር ዘበት ነው። እናትየውን ከፊት ለፊቴ በተራ ወንበር አስቀመጥኳት፤ ጉልበቷና ጉልበቴ ተጋጠመ። ሚጡ እናቷ ላይ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች፣ እግሮቿ በእናቷ ወገብ ግራና ቀኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንጋለለችና ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ አረፈ። እናት እጆቿን ያዘች። ሚጡ ጩኸቷን ለቀቀችው። ይህን ወላጆች እንደ ክፉ ነገር ያዩታል። እኔ ደስ ይለኛል፤ የሚያለቅስ ልጅ አፉ ክፍት ነው።

ቡናውንና የረጋውን ደም በራሰ ጎዝ አጸዳሁ። ጊዜ የፈጀው ይሄ ነው። ቡናው ቁስሉን ሸፍኖ ምን እንዳለ አያሳይም፣ ቆሻሻም ይጨምራል። እማማን አልተቆጣኋቸውም፤ በሚቀጥለው ንጹሕ ጨርቅ አርጥበው ለጥቂት ደቂቃ ይጫኑበት፣ ደሙ ይቆማል አልኳቸው። ሲጸዳ የድዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተሸብሽቦ ታየ። ጥርስ ተነቅሎ ሲወድቅ የሚተወው ጉድጓድ እንዲህ አይደለም። ከንፈሯን ገልጬ ጣቴን ከድዱ በላይ ሳንሸራትት፣ በግራ በኩል የሌለ ጠንካራ ጉብታ ነካሁ።

ራጁ ክርክሩን ጨረሰው። እናትየው የእርሳስ ሽርጥ ለብሳ አቅፋት ተነሳች። ጥርሱ አለ። ከሥሩ እስከ ጫፉ አጥንት ውስጥ ተሰክቷል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ «ዋጠችው ይሆን? ትን ብሏት ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ አድሯል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥርስ ጠፍቶ ልጁ ካሳለ ወይም ትንፋሹ ካፏጨ የደረት ራጅ ያስፈልጋል። ግን የጠፋ የወተት ጥርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ድድ ውስጥ ነው። ያለ ራጅ «ወድቋል» ማለት ግምት ነው።

እዚህ ላይ የልጅ አጥንት ከአዋቂ እንዴት እንደሚለይ ካልነገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ ግራ ይሆናል። አዋቂ ሲመታ ጥርሱ ይሰበራል። የትንሽ ልጅ የመንጋጋ አጥንት ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ ከመሰበር ይልቅ ይሄዳል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎን፣ ወይም ወደ ውጭ። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ሥር ጀርባ፣ ወደ ላንቃው በኩል፣ ቋሚው ጥርስ በመሠራት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች አናት መሠራት የሚጀምረው ልጁ ከተወለደ ጥቂት ወራት በኋላ ሲሆን የሚያልቀው 4 እና 5 ዓመት ላይ ነው። በ2 ዓመት ከ4 ወር የወተት ጥርስ ወደ ላይ ሲሰካ፣ ገና ያልጠነከረ የቋሚ ጥርስ አናት አጠገብ ነው የሚደርሰው። የሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ የዚያን የማይታይ ጥርስ ነገር ያሰበ መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ግግ ማውጣት የሚባለው ልማድ ጉዳቱ በከፊል ከዚሁ የሚመጣ ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ያበጠ ድዱን በስለት ቀዶ «ትሉን» ማውጣት። የሚወጣው ትል ሳይሆን በመሠራት ላይ ያለ የወተት ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቋሚም አብሮ ይነካል። ኢንፌክሽኑና ደም መፍሰሱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ወደ ሚጡ ልመለስ። ራጁ ላይ የተሰካው ጥርስ ከጎረቤቱ አጠር ብሎ ይታያል፤ የሥሩ ጫፍም ጥርት ብሎ ይለያል። ይህ ሥሩ ወደ ከንፈር በኩል፣ ማለትም ከቋሚው ጥርስ ርቆ መሄዱን ያሳያል። ወደ ቋሚው ቢሄድ ኖሮ ጥርሱ ረዝሞ፣ የሥሩ ጫፍም ተሰውሮ ነበር የሚታየው። በጣቴ የነካሁት ጉብታም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድሮ ሥሩ ወደ ቋሚው ጥርስ ከዞረ ይነቀል ነበር። ዓለም አቀፉ የጥርስ ጉዳት ሕክምና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያ ግን አቅጣጫው የትም ይሁን የት፣ የተሰካው የወተት ጥርስ በራሱ እንዲወርድ ጠብቁት ይላል። አብዛኛው በ6 ወር ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እስከ ዓመት ይወስድበታል። ጎትቶ ማውረድ የለም። በመሣሪያ እየቆፈሩ ማውጣትም ቋሚውን ለሁለተኛ ጊዜ መምታት ነው።

የሚነቃነቀው የግራ ጥርስ ደግሞ ከቦታው አልተነሳም። ድዱ ዙሪያውን ደምቷል፣ ትንሽ ይላወሳል፣ በቃ። ለእንዲህ ዓይነቱ ክትትል እንጂ ሕክምና አያስፈልገውም። ሊነቀል ቀጠሮ የተያዘለት ጥርስ እሱ ነበር እንግዲህ!

የአንቲባዮቲክ ሽሮፑ ገና አልተከፈተም። አስቀመጥነው። የወተት ጥርስ ከቦታው በመንቀሳቀሱ ብቻ አንቲባዮቲክ እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የተቀደደውም ሥጋ አልተሰፋም፤ ደሙ ከቆመ በራሱ ይድናል። ለሕመሟ ፓራሲታሞል ሽሮፕ አዘዝኩ። ክብደቷ 12 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲሰላ 180 ይመጣል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አልኮል የሌለው ክሎሮሄክሲዲን (የአፍ ጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ) በጥጥ እየነከሩ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ድዷን እንዲጠርጉላት፣ ሌሎቹን ጥርሶች በለስላሳ ብሩሽ እንዲቦርሹ ነገርኳቸው። ምግቧ አጥሚት፣ የላመ ፍትፍት፣ ሙዝ። ቆሎና የዳቦ ቅርፊት ይቅር።

እማማ ሲያዳምጡኝ ቆይተው «ታዲያ ልጄ፣ ምንም ሳታደርግላት ልትሰዳት ነው?» አሉኝ።

በዚህ ሙያ ከባዱ ሰዓት ይሄ ነው። ወላጅ ደም አይቶ፣ ታክሲ ከፍሎ፣ ሥራ ቀርቶ መጥቷል። አንድ ነገር ሲደረግ ማየት ይፈልጋል። መንቀል ሥራ ይመስላል፤ መጠበቅ ግን ስንፍና ይመስላል። እኔ የማደርገው ራጁን ስክሪን ላይ አስፍቼ ቋሚውን ጥርስ በጣቴ ማሳየት ነው። «ይቺ ናት የ7 ዓመቷ ጥርስ። አሁን እጄን ካስገባሁ እሷን ልነካ እችላለሁ» አልኳቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም። ቋሚው ላይ ምልክት ሊቀር እንደሚችል ያኔውኑ ተናግሬ በካርዷ ላይ ጻፍኩ፤ ከዓመታት በኋላ የሚታይ ነገር ዛሬ ካልተነገረ ያኔ ሰበብ ነው የሚመስለው።

ጥርሱ እውነት ወድቆ ደረጃው ላይ ቢገኝስ ኖሮ? የወተት ጥርስ ተመልሶ አይተከልም። ወደ ጉድጓዱ ሲገፋ ቋሚውን ሊጎዳ ይችላል፤ ልጁም ትን ሊለው ይችላል። በቋሚ ጥርስ ግን ነገሩ ፍጹም ተቃራኒ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ጥርስ ተነቅሎ ከወደቀ፣ ሥሩን ሳይነኩ ነጩን ክፍል ይዞ፣ በወተት ለቅለቅ አድርጎ ወዲያው ቦታው መመለስ ነው። ካልተቻለ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ። 6 እና 7 ዓመት ላይ ሁለቱም ዓይነት አፍ ውስጥ ስላለ መለየት ያስቸግራል። ያኔ ጥርሱን ወተት ውስጥ አድርጎ መሮጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይለየው።

በሳምንቱ ቁስሉ ደርቋል፣ የተቀደደው ሥጋም ገጥሟል። በ7ኛው ሳምንት ከድዱ ጠርዝ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች። እናትየው በእልልታ ነው የገባችው። እኔ ግን ዓይኔ ግራው ላይ ነበር። የግራው ጥርስ ጠቁሯል።

ሰው ሲጠቁር የሚያየው ነገር ሁሉ ሞት ይመስለዋል። ዘመድ «ነርቩ ሞቷል፣ ቶሎ አስነቅሉት» ብሎ መክሯል። አባትየው ከውጭ አገር አንድ ሐኪም የጻፈውን በስልኩ ይዞ መጣ፤ የሥር ሕክምና ይደረግላት አለ። የሚገባ ጭንቀት ነው። ያ ጥቁረት ግን ጥርሱ ሲመታ ውስጡ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል፤ ቆዳ ሲመታ እንደሚበልዘው ማለት ነው። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሊነጣ ይችላል፣ ላይነጣም ይችላል። ቀለም ብቻውን ሕክምና አያስጀምርም። የሚያስጀምረው እብጠት፣ ድድ ላይ የሚወጣ መግል ያለው ቡግር፣ የባሰ መነቃነቅ፣ ወይም ልጁን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ነው። እነዚህን አንድ በአንድ በወረቀት ጻፍኩላቸውና በየሳምንቱ ስትታጠብ ከንፈሯን ገልጠው እንዲያዩ አልኳቸው።

በመካከሉ የአክስቷ ሠርግ መጣ። ሚጡ አበባ በታኝ ነበረች። እናትየው ፎቶው ላይ ያ ጥቁር ጥርስ ይታያል ብላ ስትብሰለሰል ከርማ፣ «ነጭ ነገር ትቀቡልኛላችሁ?» ብላ ደወለች። አልቀባንም። ሚጡ በሁሉም ፎቶ አፏን ከፍታ ትስቃለች።

በ6 ወሩ የተሰካው ጥርስ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ወርዷል። ግራው ከግራጫነት ወደ ቢጫ ዞሯል። ቢጫ መሆኑ ውስጡ ያለው የነርቭ ቦይ በጥርስ አካል እየተሞላ መሆኑን ያሳያል፤ ጥርሱ ሕያው ነው፣ አይነካም። በዓመቱ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ሆኑ። እዚህ ቢያልቅ ቆንጆ ታሪክ ነበር።

በ13ኛው ወር እናትየው በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። በወረደው ጥርስ፣ በቀኙ፣ ድድ ላይ ጫፉ ነጣ ያለ ቡግር። አያማትም፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ወረቀቱ ላይ ስላለ ነው ያየችው። ራጁ የሥሩ ጫፍ ዙሪያ ጥቁር ጥላ፣ ሥሩም መበላት መጀመሩን አሳየ። ነርቩ ሞቶ ኢንፌክሽን ይዟል ማለት ነው።

ሁለት መንገድ ነበር፦ የሥር ሕክምና ሞክሮ ማቆየት ወይም መንቀል። ሥሩ ባይበላ ኖሮ የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር። የተበላ ሥር ላይ መድኃኒት መሙላት ግን ከቋሚው ጥርስ አጠገብ መግል እንዳለ መተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እንዲነቀል መከርኩ፣ ቤተሰቡም ተስማማ። በማደንዘዣ መርፌ፣ በጥቂት ደቂቃ ወጣ።

አባትየው «ታዲያ መጨረሻው መነቀል ከሆነ ያን ቀን ለምን አልተነቀለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ያን ቀን ጥርሱ አጥንት ውስጥ ነበር። እሱን ማውጣት ማለት በ2 ዓመት ልጅ አጥንት መቆፈር፣ ምናልባትም ሙሉ ሰመመን ነው። አሁን ግን በራሱ ወርዶ እጃችን ላይ ነው፤ ልጅቷም አድጋለች። የመዳን ዕድልም ነበረው። ለአንዱ ጥርስ መጠበቅ አልሠራም፣ ለሌላው ሠራ። ያን ቀን የቱ እንደሚሆን ማንም መናገር አይችልም ነበር።

የፊት ጥርስ ቀድሞ ሲወጣ ቦታው ይጠብባል የሚል ስጋት ይነሳል። ክራንቻዎቹ ወጥተው ካለቁ የፊቱ ክፍተት ብዙም አይዘጋም፤ ሚጡ ያኔ 3 ዓመት ተኩል ስለሚጠጋት ክራንቻዎቿ ሁሉ ቦታቸውን ይዘዋል። ለመልክ የሚሆን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቻላል ብዬ ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈለገም። ኬጂ ስትገባ «ወላቃ» አሏት። ለጥቂት ቀናት አኮረፈች፣ ከዚያ ክፍተቱ ውስጥ ምላሷን እያስገባች ማፏጨት ቻለችና ስሙ ቀረ።

በ6 ዓመቷ የተያዘላት ቀጠሮ ላይ ቋሚዎቹ በራጅ ታዩ፤ ሁለቱም አሉ፣ ሥራቸውም ቀጥ ያለ ነው። የግራው ቋሚ 7 ዓመት ሳይሞላት ወጣ። የቀኙ ዘገየ። የወተት ጥርስ በጣም ቀድሞ ሲነቀል ድዱና አጥንቱ ስለሚደነድን ቋሚው መንገድ ለመክፈት ጊዜ ይወስድበታል። ከግራው ከ6 ወር በላይ ከዘገየ ሌላ ራጅ እናነሳለን ብለን ነበር፤ ግን በ5ኛው ወር ድዱን ቀዶ ወጣ።

ምልክቱ ቀርቷል። የቋሚው ጥርስ የፊት ገጽ መሐል ላይ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ በመካከሉ ትንሽ የጎደጎደች ነጠብጣብ። እማማ «ተበላባት» ብለው ደነገጡ። መበላት አይደለም። ያኔ በመሠራት ላይ የነበረው የጥርሱ ሽፋን በዚያች ቦታ በደንብ አልጠነከረም። ምልክቱ ፊት ለፊት የመጣው የወተት ጥርሱ ሥር የሚገኘው ከቋሚው ፊት ስለሆነ ነው። እናትየው ካርዱን ገልጣ የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፍ አሳየቻቸው።

ጉድጓዷ ምግብ እንዳትይዝ ፍሎራይድ ቀብተን በጥርስ ቀለም ሙሌት ደፈንናት። ዙሪያዋ ያለው ቢጫነት በትንሹ ይታያል። እናትየው ጥርሱ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቃለች፤ በዚህ ዕድሜ የጥርሱ ነርቭ ገና ሰፊ ስለሆነ ለመሸፈኛ ብሎ ጥርሱን መሞረድ አይገባም፣ አድጋ ራሷ ከፈለገች ያኔ ይታያል ብያታለሁ። ሙሌቱ ሲላቀቅ ይታደሳል። ቀጣዩ ቀጠሮ በ6 ወሩ ነው፤ የሥሩ አሠራርና የጥርሶቹ አገጣጠም ይታያል።